ከሐውልቱ እስከ ቅስቱ

አባባ የውሃውን መዝጊያ ፈለጉ። ሮማ፣ ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳንርቅ፣ መንገድ ዳር የቆመ ግራጫ የብረት ቦኖ አለ። ዞሩት፣ ከላይ ዳሰሱት፣ ጎንበስ ብለው ከጀርባው አዩት። ቁልፍ የለውም፣ የሚዞር ነገርም የለውም። ውሃው አውራ ጣት ያህል ወፍሮ ይወርዳል፤ ድንጋዩን መትቶ በቀዳዳው ይገባል።

«ይኼ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚፈሰው?»

«ሁልጊዜ ነው አባባ» አለች እህቴ።

«ሌሊትም?»

«ሌሊትም።»

አባባ ዝም አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቤታችን ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስተው በርሜል የሚሞሉት እሳቸው ናቸው፤ ማንንም አይቀሰቅሱም። እህቴ የቦኖውን አፍ በጣቷ ደፈነችውና ውሃው ከቧንቧው ጉብታ ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ ተስፈንጥሮ ቀስት ሠራ። የ9 ዓመቷ ልጄ ጮኸች። አባባም ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠጡ። ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

የሮማ ሰዎች ይህን ቦኖ «ናዞኔ» ይሉታል፤ ትልቅ አፍንጫ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ የተተከሉት በፈረንጆቹ 1874 ነው፤ ዛሬ በከተማው 2 ሺህ 500 ያህል አሉ። ውሃው የማይዘጋው በቧንቧው ውስጥ ቆሞ እንዳይበላሽ ነው። በሮማ በእግር የሚሄድ ቤተሰብ ካርታ ከመያዙ በፊት ባዶ ጠርሙስ ይያዝ፤ የሚያረጅም የሚያድግም እግር ይዞ ለሚጓዝ ሰው ከተማዋ ከሰጠችን ቸርነት ሁሉ ትልቁ ይኼ ነበር። በየመንገዱ ቆም ብለን ጠጥተናል፣ ፊታችንን ታጥበናል፣ የአባባን መሐረብ አርሰን አንገታቸው ላይ አድርገናል።

የመጣነው በእሳቸው ምክንያት ነው። አባባ 77 ዓመታቸው ነው፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በቅየሳ ሥራ ላይ ነው። ሜትርና ችካል ይዘው ከሐረርጌ እስከ ጎጃም የለኩት መሬት ብዛቱን እሳቸውም አያውቁትም። እህቴ ሮማ ከገባች 18 ዓመቷ ነው። እዚህ የእኛ ሴቶች «ባዳንቴ» የሚሉትን ሥራ፣ ማለትም አረጋውያንን ቤታቸው ተቀምጦ መንከባከብን ትሠራለች። በየዓመቱ «ይምጡ» ስትላቸው «ምን ልሠራ?» ሲሉ ኖረው፣ አምና በድንገት «አበበ የሮጠበትን መንገድ ታሳዪኛለሽ?» ብለው ጠየቋት። ልጄም ተከተለች፣ እኔም ሁለቱን ይዤ መጣሁ።

አበበ ቢቂላ በሮማ ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ያሸነፈው በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 1960 ነው። ያ ቀን በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፤ የዓመቱ መጨረሻ፣ የዕንቁጣጣሽ ዋዜማ። አባባ 12 ዓመታቸው ነበር። ወሬውን የሰሙት በነጋታው፣ አበባ ስለው የጎረቤት በር ሲያንኳኩ ነው። ያንኳኩት ቤት አባወራ ሳንቲም ሲሰጧቸው እጃቸውን ያዝ አድርገው «ሮማ ላይ አንደኛ ወጣን» አሏቸው። «ወጣ» ሳይሆን «ወጣን» ማለታቸውን አባባ እስከ ዛሬ አልረሱትም። እኛም ቀኑን አስልተን ነው የመጣነው፤ ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ረቡዕ ነበር የዋለው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት፣ ጳጉሜን ወይም ዓ.ም ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ነበረን። ሰኞ ጠዋት ከጣቢያው ፊት ያለውን አደባባይ ስንሻገር ልጄ የአውቶቡስ መቆሚያውን ምልክት ጮክ ብላ አነበበች፤ «ፌር-ማ-ታ!» ዞር ብላ አየችን። «እማዬ፣ የእኛ ቃል ነው እኮ!» ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። መድኃኒት ቤቱን፣ ፉርኖውን፣ ጎሚስታውን፣ የታርጋውን ጽሑፍ እያነበበች ሄደች። ፒያሳና መርካቶ የሚሉት ቃላት እዚህ ተራ ቃላት መሆናቸው ደግሞ ቅር አሰኛት፤ የአንድ ሰፈር ስም ብቻ ይመስሏት ነበር። አባባ ካሳንቺስን ጨመሩላት። ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራለት «ኢንቺስ» የሚባል ድርጅት ነበረው፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፣ በእኛ አፍ ካሳንቺስ ሆነ። «አምስት ዓመት ተቀምጠው ሄዱ፣ ቃላቸው ግን ቀረ» አሏት።

ይህ የምንሻገረው አደባባይ ራሱ ስሙ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ» ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። በየቀኑ ሻንጣ እየጎተተ የሚያልፍበት ሕዝብ እነዚያ አምስት መቶዎች እነማን እንደሆኑ ቢጠየቅ ስንቱ እንደሚመልስ እንጃ። ጥር 26 ቀን 1887 የራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ፣ ከምጽዋ ወጣ ብሎ፣ የደመሰሳቸው አምስት መቶ ገደማ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከአደባባዩ አጠገብ በዛፎች መካከል ቆሟል። ድንጋዩ የግብፅ ሐውልት ነው፤ ዳግማዊ ራምሴስ ያስጠረበው፣ በ1883 ከሮማ መሬት ተቆፍሮ የወጣ። ለአፍሪካ ሽንፈታቸው መታሰቢያ ያቆሙት ከአፍሪካ የመጣ ድንጋይ መሆኑ አባባን አስገረማቸው። እጃቸውን ከአጥሩ ላይ ጣል አድርገው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ከዚህ ሐውልት ሥር በ1937 የይሁዳ አንበሳ ቆሞ ነበር፤ ያ ለገሐር የምናውቀው፣ ከአዲስ አበባ ነቅለው አምጥተው እንደ ምርኮ ያሳዩት። በ1938 ከኤርትራ የመጣ ዘርዓይ ደረስ የሚባል ወጣት አንበሳውን እዚህ ባየ ጊዜ ተንበረከከ፣ ከዚያም ሰይፉን መዘዘ። ስለዚያ ዕለት ዝርዝር የሚነገረው ይለያያል። ሰዎችን ማቁሰሉ፣ መያዙ፣ ከዚያም በ1945 ሲሲሊ ውስጥ ባለ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ እንደተዘጋበት መሞቱ ግን የታወቀ ነው። አንበሳው በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ለልጄ ይህን ስንነግራት «የት ጋ ነው የተንበረከከው?» አለች። ማናችንም አላወቅንም። ሣሩን በሙሉ በዓይኗ ስትፈልግ ቆየች።

በዚያው አካባቢ፣ በየጎዳናው፣ የእንጀራና የበርበሬ ሽታ ይመጣል። የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ ፀጉር ቤቶች፣ ገንዘብ መላኪያዎች አሉ። እህቴ አንድ ሕንፃ በጣቷ አሳየችን። በነሐሴ 2017 ፖሊስ ከዚያ ሕንፃ ያስወጣቸው በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች አብዛኞቹ ሕጋዊ ጥገኝነት የነበራቸው ናቸው፤ መሄጃ አጥተው አደባባይ ላይ ሲያድሩ በውሃ መድፍ ነው የተበተኑት። ከጓደኞቿ ሁለቱ ነበሩበት። ስለ እነሱ ስትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

ስለ መሬቱ ልናገር። የድሮዋ ሮማ የምትረገጠው በጥቁር ባዛልት ድንጋይ ላይ ነው። እኛ ኮብልስቶን የምንለው ዓይነት ነው፣ እነሱ ግን «ሳምፒየትሪኒ» ይሉታል፤ ስሙ ከቅዱስ ጴጥሮስ የመጣ ነው። አንዱ ድንጋይ ከፍ ብሎ አንዱ ዝቅ ይላል፣ መካከሉ ክፍተት አለው። ለአባባ ጉልበት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰኞን በሙሉ የሄድነው በእሳቸው እርምጃ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ይህ አሳስቦኝ ነበር፤ ልጄ ትሰለቻለች ብዬ ፈርቼ። የሆነው ሌላ ነው። አባባ በየሃምሳ ሜትሩ ሲቆሙ እሷ ጎንበስ ትላለች፣ በድንጋዮቹ መካከል የበቀለ ሣር፣ የወደቀ የወይራ ፍሬ፣ ግድግዳ ላይ የተገጠመ የእብነ በረድ ፊት ታገኛለች። ሁለቱ ተስማምተው እኔ ነበርኩ የምቸኩለው። ድካሙ ሲበዛ ያገኘነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንገባለን፤ ሮማ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት መንገድ ማግኘት ከባድ ነው፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበሩ ነፃ ነው። አባባ ጫማቸውን ማውለቅ እንደማያስፈልግ እያወቁ በየበሩ ላይ ያመነታሉ።

ፓንቴዎን ግን አባባን አነቃቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው በክብ ጉልላቱ መካከል ያለውን ክፍት ቀዳዳ ሲያዩ ድካማቸውን ረሱት። በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን፣ በ125 ገደማ የተጠናቀቀ ነው። የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር፣ ከወለሉ እስከ ቀዳዳው ያለውም ከፍታ 43.3 ሜትር። «እናቴ፣ ነይ» አሏት ልጄን፣ ሁለት መዳፋቸውን አንዱን በአንዱ ላይ ገጥመው። «አንድ ትልቅ ኳስ እዚህ ቤት ውስጥ ብናስገባ ከላይም ከታችም ከጎንም ልክክ ይላል።» ከሐድርያን ወዲህ ብረት በሌለበት ኮንክሪት ከዚህ የሚበልጥ ጉልላት አልተሠራም። ሚስጥሩ ክብደቱ ላይ ነው፤ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግድግዳው ይሳሳል፣ በኮንክሪቱ ውስጥ የተጨመረው ድንጋይም እየቀለለ ሄዶ ጫፉ ላይ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዓይነት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲዘንብ በቀዳዳው ይገባል፣ በወለሉ ላይ በተበሱ ትንንሽ ጉድጓዶች ይወርዳል። አባባ ጉድጓዶቹን አንድ በአንድ ፈለጓቸው። «ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ያላሰበ ቀያሽ ቀያሽ አይደለም» አሉ፣ ለሠራው ሰው አክብሮት በሞላበት ድምፅ።

ማክሰኞ የቫቲካን ቀን ነበር። ዓመቱ ለካቶሊካውያን የኢዮቤልዩ ዓመት በመሆኑ ከየአገሩ የመጣ ምዕመን መስቀል ተሸክሞ እየዘመረ መንገዱን ሞልቶታል። አባባና እህቴ ከአደባባዩ ዓምዶች ጥላ ሥር ቀሩ፣ እኔና ልጄ ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ወጣን፤ 551 ደረጃ ነው። መጨረሻው ላይ ግድግዳው ራሱ ከጉልላቱ ጋር ስለሚያዘነብል አንገትን አጣምሞ መውጣት ግድ ነው። ከላይ ሁሉም ሰው ወደ ፊት፣ ወደ አደባባዩ ያያል። እኛ ዞረን ወደ ኋላ አየን።

ከኋላው፣ ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ከላይ ሲያዩዋት ከዝሆን እግር ሥር እንደተቀመጠች ዶሮ ናት። ስሟ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ይባላል። በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ አራተኛ ጊዜ፣ ከኢየሩሳሌም በእግርና በመርከብ ለሚመጡ የኢትዮጵያ መነኮሳት ማረፊያ ሆና ተሰጠች። ትንሽ ራቅ ብሎ በአትክልቱ ውስጥ ያለው ሕንፃ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ነው፤ በቫቲካን አጥር ውስጥ ያለ ብቸኛው ዘርዓ ክህነት። ልጄ ከሽቦው ጋር ፊቷን አጣብቃ «እዚያ አማርኛ ይናገራሉ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ እስከ ታች ድረስ ስመልስላት ወረድኩ፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ድምፄን እየሰማች ከፊቴ ትሄዳለች። በግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ መጽሐፍ የታተመው እዚህ ሮማ ነው፣ በ1513፤ መዝሙረ ዳዊት። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ካህን ነበር፤ የኢትዮጵያ መነኮሳት ሲጸልዩ ሰምቶ ተማረከ፣ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ አስተማረው። ቋንቋውን ግን ከለዳዊ ብሎ በስህተት ጠራው። ከ35 ዓመት በኋላ ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያችው ትንሽ ግቢ ተቀምጠው ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፣ በ1548 እና 1549። ፊደሉን የሚደረድሩት ጣሊያኖች ማንበብ አይችሉም ነበርና በመጽሐፉ ውስጥ ለስህተቱ ይቅርታ ተጠይቋል። በ1649 ደግሞ የወሎው የመካነ ሥላሴ ሰው አባ ጎርጎርዮስ ከጀርመናዊው ወጣት ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር እዚህ ተገናኙ፤ ከዚያ ወዳጅነት በ1698 የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ወጣ። አባ ጎርጎርዮስ ግን ሕትመቱን አላዩም፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

ታች ስንደርስ ልጄ ወደ አያቷ ሮጣ ሄደች። «አባባ፣ አማርኛ የተጻፈው እዚህ ነው!» አለቻቸው። ማረም ፈልጌ ተውኩት። ሰዋስው ማለት ገና አይገባትም፣ ደስታዋ ግን ትክክል ነበር።

ረቡዕ፣ ጳጉሜን 5። የጾም ቀን ስለሆነ አባባ እስከ 9 ሰዓት አልቀመሱም። ሮማ ለጿሚ ትመቻለች። ፒዛ በሚዛን በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ «ፒዛ ሮሳ» አለ፤ ቲማቲምና ዘይት ብቻ፣ አይብ የለበትም። ሻጩ በእጁ «ይህን ያህል?» ብሎ ይለካል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ ሚዛን ላይ ያደርጋል፣ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል። ደረጃ ላይ ተቀምጠን በላን። አባባ ባርከው ቆረሱ።

ቀኑን የጀመርነው በላተራን፣ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ነበር፤ ምክንያቱም እዚያ ያለውን ሐውልት አባባ እንዲያዩት ፈልጌ ነው። ሮማ ሐውልት የምትሰበስብ ከተማ ናት። 13 የጥንት ሐውልቶች (ኦቤሊስኮች) ቆመውባታል፣ 8ቱ ከግብፅ የመጡ ናቸው። የላተራኑ ከሁሉም ይረዝማል፤ 32 ሜትር ነው። በ357 ወደ ሮማ ያመጣው ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጥዮስ ሁለተኛ ነው፣ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ። ይህ ሰው ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ356 ገደማ ለአክሱም ነገሥታት ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፏል፤ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸው ፍሬምናጦስ ሃይማኖታቸው እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ይላኩልኝ የሚል። ደብዳቤውን ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፋቸው አቆይተውታል። ቆንስጣንጥዮስ ያን ረጅም ሐውልት ያቆመው በፈረስ መወዳደሪያው ሜዳ፣ በቺርኮ ማሲሞ ነበር፤ ወድቆ፣ ተሰብሮ፣ ተቀብሮ ቆይቶ በ1588 ነው አሁን ያለበት ቦታ የተተከለው። ቆንስጣንጥዮስ ሐውልቱን ካቆመ ከ1 ሺህ 580 ዓመት በኋላ ሙሶሊኒ የአክሱምን ሐውልት ያቆመው ደግሞ በዚያው በቺርኮ ማሲሞ ጫፍ ላይ ነው። አባባ ይህን ሲሰሙ «ሁለት ጊዜ ያንኑ ሠሩ» አሉ።

ከካቴድራሉ የሚወጣው መንገድ ስሙ «ቪያ ዴል አምባ አራዳም» ነው። የመንገዱ ምልክት ግድግዳው ላይ ነጭ እብነ በረድ ሆኖ ተለጥፏል። አምባ አራዳም በየካቲት 1936 ጣሊያኖች የራስ ሙሉጌታን ጦር በመድፍ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ የመቱበት አምባ ነው። ዛሬ በጣሊያንኛ «አምባራዳን» ማለት ውጥንቅጥ፣ ግርግር ማለት ነው፤ የልጆች መኝታ ቤት ሲዝረከረክ እናቶች ይሉታል። እህቴ የምትንከባከባቸው አሮጊት ይህን ቃል ዘወትር ይጠቀሙበታል፣ ከየት እንደመጣ እሷ ነች የነገረቻቸው። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ቃሉ አይወጣቸውም። በዚህ መንገድ ጫፍ ለሚሠራ የምድር ባቡር ጣቢያ አምባ አራዳም የሚለው ስም ታስቦ ነበር። በ2020 የከተማው ምክር ቤት በዚያ ፈንታ በጆርጆ ማሪንኮላ እንዲሰየም ድምፅ ሰጠ፤ ከሶማሊያዊት እናት የተወለደ፣ ናዚዎችን ሲዋጋ በ1945 የተገደለ አርበኛ ነው። በመጨረሻ ጣቢያው በጥንቱ በር ስም ፖርታ ሜትሮኒያ ተባለ። እህቴ በምትሠራበት ሰፈርም እንዲሁ ነው፤ ቪያሌ ኤትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ የጣና ሐይቅ መንገድ፣ ጎንደር አደባባይ፣ ተምቤን፣ ሽሬ። በሽሬና በተምቤን መካከል ዳቦ ትገዛለች።

ከዚያ በአውሬሊያን ግንብ ሥር ተጓዝን። ከ1 ሺህ 700 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቀይ የሸክላ ግንብ ነው፣ ከተማዋን 19 ኪሎ ሜትር ያህል ይዞራት ነበር። አባባ እየደከሙ ነበር፣ «ታክሲ እንጥራ?» ስላቸው ግን መልስ አልሰጡኝም። ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ፖርታ ሳን ሴባስቲያኖ የሚባለው የግንቡ በር ደረስን።

በ1960 ሯጮቹ ከካምፒዶሊዮ ኮረብታ ሥር የተነሱት በዚህ ሰዓት ገደማ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ሙቀቱን ለመሸሽ። 69 ነበሩ። ወደ ደቡብ ወርደው፣ በዳርቻው ዞረው፣ ከጨለመ በኋላ በአፒያ አንቲካ ተመለሱ። ይህ መንገድ በ312 ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጀመረ ነው፣ በስፋት የተነጠፉት ጥቁር ድንጋዮቹ የጋሪ ጎማ ቦይ እንደሠራባቸው አሉ። መንገዱን ያበሩት ችቦ የያዙ ወታደሮች ነበሩ። አበበ 11 ቁጥር ለብሷል። አሰልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ተጠንቀቀው ብለውት ነበር፣ ቁጥሩም 26 ነው ተብሏል። አበበ በመንገዱ ሁሉ 26ን ፈለገ። ራዲ ግን 185 ለብሶ ነበር፤ ከጎኑ የሚሮጠው እሱ ራሱ ነው።

በበሩ አልፈን ወደ ከተማው ገባን። መንገዱ በሁለት ረጃጅም ግንቦች መካከል ጠባብ ነው፣ መኪና ሲመጣ ከግድግዳው እንለጠፋለን። የካራካላ የገላ መታጠቢያ ፍርስራሽ በግራችን ተራራ አክሎ አለፈ፣ ጥዶቹ ላይ ወፎች ይጮኻሉ። አባባ የልጄን እጅ ይዘዋል፣ ወይም እሷ የሳቸውን።

ፒያሳ ዲ ፖርታ ካፔና ስንደርስ አባባ ቆሙ። ከፊታችን ያለው ትልቅ ነጭ ሕንፃ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲጀመር የታቀደው ለጣሊያን የአፍሪካ ሚኒስቴር ነበር። ዛሬ ስለ ረሃብ የሚመከርበት ቤት ሆኗል። የአክሱም ሐውልት የቆመው ከዚህ ሕንፃ ፊት ነበር። በ1937 ተሰባብሮ ከወደቀበት ተወስዶ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ፋሺስቶች ሮማን የያዙበት 15ኛ ዓመት ሲከበር ተተከለ። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ከ150 ቶን በላይ። በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ ይመለስ ይላል፤ የተመለሰው በ2005 ነው፣ ሦስት ቦታ ተከፍሎ፣ በሦስት በረራ፣ በግዙፉ አንቶኖቭ አውሮፕላን። በ2008 አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ። በዚህች ከተማ ከቆሙት የባዕድ አገር ረጃጅም የድንጋይ ሐውልቶች ሁሉ ወደ ቤቱ የገባው እሱ ነው።

ከቦታው አጠገብ ዛሬ ሁለት አጫጭር የጥንት ዓምዶች አሉ፤ በኒው ዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። መኪናው ይጮኻል። ባዶውን ቦታ የሚያመለክት ነገር አላየንም። እኔ ባዶነቱ የሚያሳዝነኝ መስሎኝ ነበር፤ አባባ ግን ቦታውን ዙሪያውን አይተው፣ በጥልቅ ተንፍሰው፣ «ጥሩ ነው» አሉ። «ባዶ መሆኑ ጥሩ ነው።»

አበበ ይህን ቦታ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ከውድድሩ በፊት ከኒስካነን ጋር መንገዱን ሲያጠኑ ሐውልቱን አይተዋል፣ ከዚህ በኋላ መንገዱ ውድድሩ እስከሚያልቅበት እስከ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ድረስ ትንሽ ነው የሚቀረው። በዚያ ምሽት ከራዲ ጋር ትከሻ ለትከሻ መጥቶ፣ እዚህ አካባቢ፣ ከአገሩ ተነቅሎ በመጣው ድንጋይ አጠገብ ፈጠነ። 25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ። የዓለም ፈጣን ሰዓት ሆነ፣ የቀድሞውን የበለጠው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው። አበበ ዋኪራም 7ኛ ወጣ፤ ይህን ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው፣ አባባ ግን ሁለቱን አበበዎች ለይተው አያነሱም።

«ከዚህ ልለካው ነው» አሉ አባባ።

በሜትር አይደለም፣ በእርምጃ። በወጣትነታቸው ገመድ ሳይዘረጉ በፊት መሬቱን በእግራቸው ይለኩት ነበር፤ ሰንሰለት እንደሚዘረጋ ሰው እኩል እኩል መርገጥ ይችላሉ። ልጄም «እኔም እቆጥራለሁ» አለች። እኔና እህቴ ወደ ኋላ ቀረን፣ እንዳናወራቸው። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ቀጥ ያለ ሰፊ መንገድ ነው፣ በግራ የጳላቲን ኮረብታ፣ በቀኝ ቼልዮ። ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ወርዳለች። ከፊት፣ ከዛፎቹ መጨረሻ፣ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ከኋላው ኮሎሴዮን ደግፎ ይታያል። በ315 የተመረቀ ነው፤ ዒዛና ገና ያልነገሠበት ዘመን።

አባባ አልቆሙም። ሦስት ቀን በየሃምሳ ሜትሩ የቆሙ ሰው፣ እዚህ አንድ ጊዜ እንኳ አልቆሙም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እጃቸው ከጀርባቸው ተጠላልፏል። አንድ የቱሪስት ቡድን መንገዳቸውን ሲዘጋ ልጄ እጇን ዘርግታ ከፈተችላቸው፣ እየቆጠረች። ከቅስቱ ፊት፣ ከአጥሩ ሰንሰለት አጠገብ ሲደርሱ የመጨረሻውን እርምጃ አሳርፈው ሁለት እግራቸውን ገጠሙ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው። የመንገድ መብራቶቹ በርተዋል።

«ስምንት መቶ ሰባ ሁለት» አሉ።

«የእኔ አንድ ሺህ አንድ መቶ አራት ነው» አለች ልጄ። «ተሳሳትኩ እንዴ አባባ?»

«አልተሳሳትሽም። እግርሽ ነው አጭሩ።»

አባባ ከኪሳቸው ያችን ትንሽ ደብተራቸውን አውጥተው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ በመንገዱ መብራት ሥር ጻፉ። መጀመሪያ ቀኑን፣ ጳጉሜን 5። ከዚያ የራሳቸውን ቁጥር፣ ከሥሩ የእሷን።